ትንንሾቹ አዛዦች፦ ከነጩ ፔቱኒያ እስከ ቀርከሃ ግንድ

የቻይናው ሞሶ ቀርከሃ በፀደይ ከአፈር ብቅ ካለ በኋላ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ 20 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከዚያ ወዲያ አንዲት ጣት አይጨምርም። ውፍረቱማ ቡቃያው ገና መሬት ውስጥ ሳለ ያለቀለት ጉዳይ ነው፤ ቀርከሃ የሣር ወገን በመሆኑ እንደ ባሕር ዛፍ ከዓመት ዓመት እየወፈረ የሚሄድበት ሕብረ ህዋስ የለውም። ቁመቱ ካበቃ በኋላ የሚቀረው ሥራ የህዋሶቹን ግድግዳ ማጠንከር ነው፤ ይህ ግን ዓመታት ይወስዳል። በአዊና በሲዳማ ደጋ ቀርከሃ የሚቆርጡ ሰዎች የዓመቱን ለጋ ትተው ሦስት ዓመት የሞላውን የሚመርጡት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ በአንድ ግንድ ውስጥ ሦስት ትእዛዞች ተራቸውን ጠብቀው መድረስ አለባቸው፦ ተከፋፈል፣ እርዘም፣ ጠንክር። ህዋሱ ሳይረዝም ከጠነከረ ግንዱ ድንክ ሆኖ ይቀራል፤ ረዝሞ ሳይጠነክር ከቀረ ደግሞ ነፋስ ይጥለዋል። ይህን ተራ ከሚያስጠብቁት መካከል ትንንሽ አር.ኤን.ኤዎች አሉበት። ርዝመታቸው ከ20 እስከ 24 የኬሚካል ፊደል ብቻ ነው፤ ፕሮቲን አይሠሩም፤ ሙያቸው ሌላውን ዝም ማሰኘት ነው። ስለነሱ አንዱ የኖቤል ሽልማት ዜና ሰምቷል፣ ሌላው በትምህርት ቤት ስማቸውን አንብቧል፣ ታሪኩ ግን ተያይዞ ሲነገር ብዙ አይሰማም። ትምባሆ፣ ፔቱኒያ፣ ትል፣ በቆሎና ሩዝ አልፎ ነው ቀርከሃ ጋ የደረሰው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1928፦ ያገገመው ትምባሆ

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ዊንጋርድ የሚባል የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ትምባሆን በአንድ ቫይረስ በከለ። የታችኞቹ ቅጠሎች በቀለበት መሰል ቁስል ተሸፈኑ። በኋላ ከላይ ያቆጠቆጡት ቅጠሎች ግን ንጹሕ ሆነው ወጡ፤ ደግመው ቫይረሱን ቢቀቧቸውም አልታመሙም። ተክል እንደ ሰው በደሙ የሚዞር ተከላካይ የለውም። ታዲያ የላይኛው ቅጠል የታችኛውን በሽታ ከየት አወቀው? ዊንጋርድ ያየውን በ1928 ጻፈ፤ መልሱን የሚሰጥ ግን ለስድሳ ዓመት ከዚያም በላይ አልተገኘም።

በመካከሉ የሥነ ሕይወት ሳይንስ ትልቁን ሕጉን አበጀ። የዘር ውርሱ ሰነድ በዲ.ኤን.ኤ ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ የሚቀዳው መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ ይባላል፤ መልእክተኛው ተነብቦ ፕሮቲን ይሠራል። በዚህ አሠራር አር.ኤን.ኤ ተላላኪ እንጂ አዛዥ አልነበረም። ተመራማሪ አር.ኤን.ኤውን በጄል ላይ በኤሌክትሪክ ሲለይ ትልልቆቹን ይዞ ትንንሾቹ ከሥር እንዲፈሱ ይተዋቸው ነበር፤ የተሰባበረ ቅሪት ናቸው ተብለው ነዋ። የታሪኩ ግማሽ መዘግየት በዚህ ልማድ ይመጣል እላለሁ።

1990፦ ሐምራዊ ሊሆን ታስቦ የነጣው አበባ

በካሊፎርኒያ ኦክላንድ አንድ የዕፅዋት ቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ ካሮሊን ናፖሊና ሪቻርድ ጆርገንሰን ፔቱኒያ የተባለውን የጌጥ አበባ ይበልጥ ሐምራዊ ለማድረግ ተነሱ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ቀለሙን የሚሠራው ኢንዛይም ዘረ-መል አንድ ተጨማሪ ቅጂ ከገባለት ቀለሙ ይደምቃል።

የሆነው ተቃራኒው ነው። ተጨማሪው ዘረ-መል ከገባላቸው ተክሎች 42 በመቶው ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ ወይም በነጭና በሐምራዊ የተዥጎረጎረ አበባ አወጡ። የገባው ዘረ-መል ራሱ ዝም ማለቱ አንድ ነገር ነው። እዚህ ግን የተክሉ የራሱ ዘረ-መልም አብሮት ጸጥ ብሏል፤ መልእክተኛው አር.ኤን.ኤ 50 እጥፍ ቀንሶ ተገኘ። በዚያው ዓመት በአምስተርዳም ሌላ ቡድን ያንኑ አየ። ውጤቱን ስህተት ነው ብለው ቢጥሉት ማንም አይወቅሳቸውም ነበር፤ እነሱ ግን አሳተሙት።

በ1993 ደግሞ በኦሬጎን የዊልያም ዶኸርቲ ቡድን የቫይረስ ቁራጭ ዘረ-መል ያስገባበት ትምባሆ መጀመሪያ ታሞ በኋላ እንደሚያገግም አሳየ፤ ልክ እንደ ዊንጋርድ ተክል። ያገገመው ቅጠል ውስጥ ዘረ-መሉ አሁንም ይቀዳል፣ ቅጂው ግን ከህዋሱ እምብርት ከወጣ በኋላ ይጠፋል። አንድ ነገር ቅጂውን ከነፊደሉ ለይቶ እያወቀ ይቆርጠዋል ማለት ነው። የፔቱኒያው ነጭነትና የትምባሆው ማገገም አንድ ምንጭ ሊኖራቸው እንደሚችል ፍንጭ የታየው እዚህ ላይ ነው። ቆራጩን የሚመራው ምን እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም።

1993፦ ሰባት ዓመት ብቻዋን የቆየች ትል

የሚቀጥለው ግኝት ከአትክልት ስፍራ ሳይሆን አንድ ሚሊ ሜትር ከምትሆን ድቡልቡል ትል መጣ። ትሏን ያጠኑት ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭከን ሁለቱም በኤም.አይ.ቲ. በሮበርት ሆርቪትስ ቤተ ሙከራ ሠርተው የወጡ ናቸው። ሊን-4 የተባለው ዘረ-መሏ የተበላሸባት ትል የልጅነት ደረጃዋን ደጋግማ ትኖራለች፤ አድጋ እንቁላል መጣያ አካሏን አትሠራም። ሊን-14 የተባለው ዘረ-መል ሲበላሽ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ትሏ ያለ ጊዜዋ ትጎረምሳለች።

አምብሮስ ከሮዛሊንድ ሊና ከሮንዳ ፋይንባም ጋር ሊን-4ን ፈልቅቆ ሲያወጣው ፕሮቲን የሚሠራ ትእዛዝ አጣበት። ያገኘው 22 ፊደል ያላት አር.ኤን.ኤ ነበር። ሩቭከን በበኩሉ የሊን-14ን መልእክተኛ ጫፍ ይዞ ነበር። ሁለቱ የፊደል ዝርዝራቸውን ተለዋወጡ፤ አንዱ ከሌላው ጋር የሚጣበቅ ሆኖ ተገኘ። ትንሿ አር.ኤን.ኤ መልእክተኛው ላይ ተለጥፋ ፕሮቲን እንዳይሠራ ትከለክለዋለች። ሁለቱ ጽሑፎች በ1993 ታኅሣሥ በአንድ መጽሔት ላይ ጎን ለጎን ወጡ።

ከዚያ በኋላ ለሰባት ዓመት ያህል ብዙም የተከተላቸው አልነበረም። በሰውም በተክልም የዚህች አር.ኤን.ኤ አምሳያ ስላልታየ የትል ጉድ ተብላ ቀረች። በ2000 የሩቭከን ቡድን ሌት-7 የተባለች ሁለተኛ ትንሽ አር.ኤን.ኤ አገኘ፤ ይህችኛዋ ከዝንብ እስከ ሰው በብዙ እንስሳት ውስጥ ስትገኝ ጆሮ ሁሉ ቆመ። ሊን-4ም ሌት-7ም የጊዜ ጠባቂዎች መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። ቀርከሃ ጋ ስንደርስ ጉዳዩ ያው ጊዜ ነው።

1998–2001፦ ድርብ ፈትልና 25 ፊደል

በ1998 አንድሩ ፋየርና ክሬግ ሜሎ ዘረ-መልን ዝም የሚያሰኘው ድርብ የሆነ አር.ኤን.ኤ መሆኑን በዚያችው ትል ላይ አረጋገጡ፤ በአንድ ህዋስ ጥቂት ሞለኪውሎች ይበቁ ነበር። በዚያው ዓመት በአውስትራሊያ እነ ፒተር ዋተርሃውስ ተክልም ለድርቡ አር.ኤን.ኤ እንዲሁ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳዩ።

ግን አንድ ነገር ጎድሎ ነበር። ረጅም ድርብ አር.ኤን.ኤ እንዴት ነው ዒላማውን የሚያገኘው? በእንግሊዝ ኖርዊች፣ ሴይንስበሪ ላቦራቶሪ ውስጥ አንድሩ ሃሚልተንና ዴቪድ ቦልኩም ሌሎች ከጄል ሥር እያፈሰሱ የሚተውትን ክፍል ፈተሹ። በ1999 ያሳተሙት ግኝት ይህ ነው፦ ዘረ-መሉ ዝም ባለበት ተክል ሁሉ ወደ 25 ፊደል የምትጠጋ አጭር አር.ኤን.ኤ አለች፤ ዝም ባላለበት ግን የለችም። የዊንጋርድ ትምባሆ ከሰባ ዓመት በኋላ መልሱን አገኘ። የታችኛው ቅጠል ቫይረሱን ቆራርጦ ቁራጩን መታወቂያ ያደርገዋል፤ ምልክቱም ወደ ላይ ይጓዛል።

በ2001 ሦስት ቡድኖች፣ የአምብሮስ፣ የዴቪድ ባርቴልና የቶማስ ቱሽል፣ በአንድ ሳምንት መጽሔት ላይ ከእንስሳት በርካታ አዳዲስ ትንንሽ አር.ኤን.ኤዎችን ይዘው ቀረቡ፤ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ የሚለው ስምም ያኔ ጸና። የሥራው ቅደም ተከተልም እየተጣራ መጣ። ህዋሱ አንድ ረዘም ያለ አር.ኤን.ኤ ይቀዳል፤ ያ አር.ኤን.ኤ በራሱ ላይ እንደ ፀጉር መያዣ ሽቦ ይታጠፋል፤ ዳይሰር የተባለው ቆራጭ ኢንዛይም ከእጥፋቱ ላይ 21 ፊደል ገደማ ይቀነጥሳል፤ ቁራጯ አርጎኖት የተባለ ፕሮቲን ውስጥ ትገባና ዒላማዋን ትፈልጋለች። አርጎኖት ስሙን ያገኘው ከተክል ነው፤ የዚህ ፕሮቲን ዘረ-መል የተበላሸበት አራቢዶፕሲስ የተባለ ተክል ቅጠሉ ተጠቅልሎ ተመራማሪዎቹን አርጎኖት የምትባለዋን የባሕር ኦክቶፐስ አስታወሳቸው።

2002–2005፦ ከ49 ዒላማዎች 34ቱ

አራቢዶፕሲስ የሰናፍጭ ዘመድ የሆነች፣ በስድስት ሳምንት የምታፈራ አረም ናት። ዴቪድ ባርቴል ከእህቱ ከቦኒ ባርቴል ጋር በ2002 ከዚህች አረም 16 ማይክሮ አር.ኤን.ኤዎችን አወጣ፤ የጄምስ ካሪንግተንና የሹዌሜይ ቼን ቡድኖችም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ግኝት ይዘው መጡ።

ወሳኙ ግን ከዚያ ቀጥሎ የታተመው ነው። በተክል ውስጥ ትንሿ አር.ኤን.ኤ ከዒላማዋ ጋር ፊደል በፊደል ለመግጠም ትቀርባለች፤ በእንስሳት ግን መገጣጠሙ የላላ ነው። ስለዚህ የተክሉን ዒላማ በኮምፒውተር መፈለግ ይቻላል። የባርቴል ቡድን ለ14 ማይክሮ አር.ኤን.ኤዎች 49 ዒላማዎችን ገመተ። ከነዚህ 34ቱ የዕድገት አዛዦች ሆነው ተገኙ፤ ማለትም ሌሎች ዘረ-መሎችን የሚያበሩና የሚያጠፉ፣ ህዋስ ቅጠል ይሁን ሥር የሚወስኑ ፕሮቲኖች ዘረ-መሎች ናቸው። የመግጠሚያ ቦታዎቹም በሩዝ ውስጥ ሳይለወጡ ተገኙ። አረሟና ሩዝ የተለያዩት ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ያን ያህል ዘመን ሳይለወጥ የቆየ ነገር ዋዛ ሊሆን አይችልም። ቀርከሃን በሩዝ በኩል ለማወቅ የሚያስችለው በርም እዚህ ተከፈተ፤ ሁለቱ የሣር ቤተሰብ ናቸውና።

ማስረጃው ተግተልትሎ መጣ። በጀርመን ቱቢንገን የዴትሌፍ ቫይግል ቡድን በ2003 319ኛ የሚል ቁጥር የተሰጠው ማይክሮ አር.ኤን.ኤ ሲበዛ ቅጠሉ ተጨማዶ እንደሚወጣ አሳየ፤ በቅጠሉ ጠርዝ ህዋሶች መከፋፈላቸውን እንዲያቆሙ የሚያዙት ዘረ-መሎች ዝም ስለሚሉ ነው። ሹዌሜይ ቼን 172ኛው የአበባን ቅርፅ እንደሚገዛ አረጋገጠች፤ እሱ ከልክ ሲያልፍ በአበባው የውጭ ክፍል ላይ የእንስት አካል ይበቅላል። 164ኛው በአካላት መካከል ያለውን ድንበር ይጠብቃል። 166ኛው የቅጠሉን ሆድና ጀርባ ይለያል፤ ውኃ የሚያመላልሰውን የዛይለም ሕብረ ህዋስም ያደራጃል።

በ166ኛው ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። በ2010 የፊንላንዱ ይካ ሄላሪውታና የአሜሪካው ፊሊፕ ቤንፊ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአራቢዶፕሲስ ሥር ላይ ያሳዩት ነገር አስተሳሰብን የለወጠ ነው። ትንሿ አር.ኤን.ኤ በአንድ የህዋስ ረድፍ ውስጥ ትሠራና ከዚያ ወጥታ ወደ መሀል ትሰርጋለች። በጫፍ ብዙ፣ በመሀል ጥቂት ትሆናለች፤ በዚህ የመጠን ልዩነት የተነሳ የመሀሉ ህዋስ ሰፊ ቧንቧ፣ የዳሩ ጠባብ ቧንቧ ይሆናል። ህዋስ በሕብረ ህዋሱ ውስጥ የት እንደቆመ የሚያውቅበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ቀርከሃን ስንሰነጥቀው የሚታዩት ጭረቶች የእነዚህ ቧንቧዎችና የደጋፊ ጭረቶቻቸው ጥቅሎች መሆናቸውን ላስታውስ።

2007–2010፦ ልጅነት በበቆሎና በሩዝ

አሁን የትሏ ጥያቄ በተክል ተመልሶ መጣ። ተክል ልጅ ነው ወይስ ጎልማሳ የሚለውን ምን ይወስነዋል? በፔንስልቬንያ የስኮት ፖቲግ ቡድንና በቱቢንገን የቫይግል ቡድን በ2009 በአንድ መጽሔት እትም መልሱን ሰጡ። በችግኝ ውስጥ 156ኛው ማይክሮ አር.ኤን.ኤ ሞልቶ ይገኛል፤ የጉልምስና አዛዦቹን ዝም ያሰኛል። ተክሉ ሲያድግ 156ኛው እየሳሳ ይሄዳል፤ የተፈቱት አዛዦች 172ኛውን ያስነሳሉ፤ 172ኛው ወደ አበባ ይመራል። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል።

ከሣር ወገን የመጣው ምሳሌ ግን ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። በበቆሎ አርቢዎች ዘንድ ከጥንት የሚታወቅ አንድ ጉደኛ የበቆሎ ዓይነት ነበር፤ አገዳ ከማብቀል ይልቅ በርካታ ቀጫጭን ቅርንጫፎች አውጥቶ ሣር ይመስላል። በካሊፎርኒያ ጆርጅ ቻክና ሣራ ሄክ በ2007 ምክንያቱን አገኙ፦ 156ኛውን የሚሠራው ዘረ-መል ከልክ በላይ ይሠራል። በቆሎው በሌላ አነጋገር ልጅነቱ አልለቀቀውም። በ2010 ደግሞ በቻይናና በጃፓን ሁለት ቡድኖች ለየብቻቸው በሩዝ ተቃራኒውን አገኙ። በአንድ የሩዝ ዘረ-መል ላይ 156ኛው የሚለጠፍበት ቦታ በአንድ ፊደል ሲለወጥ ዘረ-መሉ ከቁጥጥር ይወጣል፤ ሩዙ ጥቂት ግን ወፍራም አገዳ ያቆማል፣ ዛላውም ይበዛል። አንድ ፊደል የአገዳ ቁጥርና ጥንካሬ ሲወስን ከታየ፣ አገዳው ሙሉ ሀብቱ የሆነውን ተክል አለመጠየቅ አይቻልም ነበር።

2013–2018፦ ቀርከሃ ተራው ደረሰ

ቀርከሃ እስካሁን ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት ነበረው። የዘረ-መል ተመራማሪ የሚተዳደረው በማዳቀልና ዘረ-መሉ የተበላሸ ተክል በመፈለግ ነው፤ ለዚህ ደግሞ አበባ ያስፈልጋል። በጃፓን በ1912 የተዘራ ሞሶ ያበበው በ1979 ነው፤ በ1930 የተዘራው ደግሞ በ1997፤ ሁለቱም 67 ዓመት። ካበበ በኋላ ይሞታል። የኢትዮጵያ የቆላ ቀርከሃም በጅምላ አብቦ በጅምላ ይደርቃል። በአንድ ሰው የሥራ ዘመን አንድ ትውልድ እንኳ ማዳቀል በማይቻልበት ተክል ላይ የአራቢዶፕሲስ ዘዴ አይሠራም።

መንገዱን የከፈተው ርካሽና ፈጣን የሆነው የፊደል ንባብ ማሽን ነው። ማዳቀል ቢያቅት ከግንዱ ቆርጦ በውስጡ ያለውን ትንሽ አር.ኤን.ኤ ሁሉ መቁጠር ይቻላል። በ2013 የቻይና ተመራማሪዎች የሞሶን ሙሉ የዘር ሰነድ ረቂቅ አወጡ፤ 2.05 ቢሊዮን ፊደልና 31,987 ዘረ-መሎች ነበሩት። በ2018 ሰነዱ በ24ቱ ክሮሞሶሞች ተደርድሮ እንደገና ወጣ። ከሰነዱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከቦታ ቦታ የሚዘሉ የዲ.ኤን.ኤ ቁራጮች ናቸው። ተክሎች እነዚህን ዘላዮች ጸጥ የሚያሰኙት በሌላ ዓይነት ትንሽ አር.ኤን.ኤ ነው፤ ባለ 24 ፊደሏ የዲ.ኤን.ኤውን በር ታሽጋለች። ትንሽ አር.ኤን.ኤ ሁሉ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው።

በ2013 የቻይና ደን አካዳሚ ተመራማሪዎች በፍጥነት የሚያድገውን የሞሶ ግንድ በየደረጃው ቆርጠው መልእክተኛውንና ማይክሮ አር.ኤን.ኤውን ጎን ለጎን አነበቡ። በዚያው ዓመት ማ ቀርከሃ በተባለው በደቡብ ቻይና በሚበቅለው ዝርያ ቅጠል ላይ ተመሳሳይ ቆጠራ ታተመ። በ2014 የሞሶ ሥርና ቅጠል ተነጻጸረ። የዚህኛው ጥናት አንዱ መሪ የኖርዊቹ ታማስ ዳልማይ ነበር፤ ዳልማይ ቀደም ሲል በቦልኩም ቤተ ሙከራ የሠራ ሰው ነው። ፔቱኒያን ነጭ ያደረገውን ነገር የፈታው የሳይንስ ትውልድ በአንድ ሰው በኩል ቀርከሃ ጋ ደረሰ ማለት ነው። በ2015 ደግሞ ሞሶ በብርቅ ጊዜ ሲያብብ የተሰበሰበ አበባ በየደረጃው ተነበበ።

ቆጠራው ምን አሳየ? በመጀመሪያ ደረጃ የታወቁት ቤተሰቦች ሁሉ ቀርከሃ ውስጥ አሉ፤ 156ኛው፣ 164ኛው፣ 166ኛው፣ 172ኛው፣ 396ኛው፣ 397ኛው። ፊደላቸውም ከሩዝ ጋር የተቀራረበ ነው። ቀጥሎም መጠናቸው ከሕብረ ህዋስ ሕብረ ህዋስ፣ ከዕድሜ ዕድሜ ይለያያል። በሌሎች ተክሎች ከታየው ተነስተን ሦስቱን ትእዛዞች ብናስቀምጣቸው ሥዕሉ እንዲህ ይሆናል። 396ኛው የህዋስን መባዛት የሚያበረታቱትን አዛዦች ይገድባል፤ እሱ ሲቀንስ መከፋፈል ይቀጥላል። 160ኛውና 167ኛው የኦክሲን ሆርሞን ምላሽ ሰጪዎችን ይቆጣጠራሉ፤ መርዘም በዚህ በኩል ያልፋል። 397ኛው ላኬዝ የተባሉትን ኢንዛይሞች ዒላማ ያደርጋል፤ ላኬዝ ደግሞ ግድግዳን የሚያጠነክረውን ሊግኒን ያያይዛል። በፖፕላር ዛፍ 397ኛውን ሲያበዙት ሊግኒኑ እንደሚቀንስ በ2013 ታይቷል። ስለዚህ 397ኛው እስካለ ግድግዳው ለስላሳ ነው፤ ሲሄድ ግንዱ ይደነድናል።

ሥዕሉ ያምራል። የተበደርነው ግን ከአረም፣ ከሩዝና ከፖፕላር ነው።

2020–2024፦ ከመቁጠር ወደ መንካት

አንድ አር.ኤን.ኤ በዝቶ ተገኘ ማለት ሥራውን ሠራው ማለት አይደለም። ይህን ተመራማሪዎቹም አሳምረው ያውቁታል። ከመቁጠር በላይ የሄደው የመጀመሪያው እርምጃ የተቆረጡ መልእክተኞችን ጫፍ ማንበብ ነው፤ ይህ በ2008 የተፈጠረ ዘዴ ትንሿ አር.ኤን.ኤ ዒላማዋን በትክክል የቆረጠችበትን ፊደል ያሳያል። ሁለተኛው የቀርከሃን ዘረ-መል ወደ አራቢዶፕሲስ ማስገባት ነው። በ2020 ከሞሶ የተወሰደ አንድ የላኬዝ ዘረ-መል አረሟ ውስጥ ሲገባ የሊግኒን መጠኗ ጨመረ። ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን አንዲት ትንሽ አረም ለ20 ሜትር ግንድ ልትመሰክርለት አትችልም።

በዚያው በ2020 በፉጂያን የግብርናና የደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማ ቀርከሃ ላይ ራሱ ክሪስፐር በሚባለው የዘረ-መል መቀስ ሠሩ። ለጂበረሊን ሆርሞን ምላሽ የሚሰጥ አንድ ዘረ-መል ሲቆርጡ ተክሉ ቁመት ጨመረ። ማ ቀርከሃ የእያንዳንዱን ክሮሞሶም ስድስት ቅጂ ይይዛል፤ ስድስቱንም በአንድ ትውልድ መቁረጥ መቻሉ አበባ የመጠበቅን ችግር አስቀረ። ዒላማው ማይክሮ አር.ኤን.ኤ አልነበረም፤ መሣሪያው ግን ለሱም ይሆናል።

በ2022 ደግሞ በዜጂያንግ የግብርናና የደን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሥራ መለኪያውን አበጀ። ከ17 የሞሶ ስፍራዎች ከ510 በላይ ግንዶችን፣ ከ12,750 በላይ የአንጓ መካከል ክፍሎችን ለክተው 18ኛውን ክፍል ወኪል አድርገው መረጡት። በዚህ አንድ ክፍል ግርጌ 2 ሴንቲ ሜትር የምትሆን የመከፋፈያ ቀጠና አለች፤ ከላይዋ እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ የመርዘሚያ ቀጠና፤ ከዚያ በላይ የሚደነድነው። ክፍሉ በቀን 11.8 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ 570 ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ህዋሶች ይወጡታል። ግንዱ በሙሉ ሲታይ በቀን 114.5 ሴንቲ ሜትር የጨመረበት ጊዜ ተመዝግቧል። ሦስቱ ትእዛዞች በአንድ ክንድ ቁራጭ ላይ ተደርድረው መታየታቸው ትልቅ ዕድል ነው፤ ከዚህ ወዲያ የትኛው ትንሽ አር.ኤን.ኤ በየትኛው ቀጠና እንደሚበዛ በሴንቲ ሜትር መጠየቅ ይቻላል።

የኖቤል ኮሚቴ በ2006 ፋየርንና ሜሎን ከሸለመ በኋላ በ2024 ለአምብሮስና ለሩቭከን ሰጠ። ሁለቱም ሽልማቶች ለትሏ ሥራ ናቸው። ቦልኩም በ2008 ከአምብሮስና ከሩቭከን ጋር የላስከርን ሽልማት ተካፍሏል፤ ከስቶክሆልም ግን ጥሪ አልደረሰውም። ጆርገንሰንና ናፖሊም እንዲሁ። ነጩ ፔቱኒያ ከትሏ ሦስት ዓመት ቀድሞ ስለታየ የተክል ሰዎች ቅር ቢላቸው አልፈርድባቸውም።

ስለ ቀርከሃው ግን የምፈርደው ሌላ ነው። እስከ ዛሬ ስለ ቀርከሃ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ ከታተመው አብዛኛው ቆጠራና ንጽጽር ነው፤ ትርጉሙንም ከሌሎች ተክሎች ተውሷል። ይህ ለመነሻ እንጂ ለመድረሻ አይበቃም። አሁን መቀሱም አለ፣ መለኪያውም አለ። 397ኛውን ወይም 156ኛውን በቀርከሃው በራሱ ግንድ ውስጥ አጥፍቶ ምን እንደሚጎድል ያላሳየ ጥናት፣ ዝርዝሩ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ቀርከሃን አስረዳ ሊባል አይገባም።